ከፈተና በፊት፦ የአንድ ፕሪንተር ሰርቪስ ማስታወሻ

ግንቦት 11፣ ቆጣሪ 217,946

የትምህርት ቤታችን ፈተና ማባዣ ክፍል ያለው አንድ ፕሪንተር ነው። ኤችፒ ሌዘርጄት ኤም602፣ ጥቁርና ነጭ፣ በደቂቃ 50 ገጽ የሚያወጣ። ዓመቱን ሙሉ ደብዳቤና ወርክሺት እያተመ ይቆይና ሰኔ ሲመጣ ጭንቅ ይጀምራል። ዛሬ ቁጭ ብዬ ሒሳቡን ሠራሁት። 800 ገደማ ተማሪ አለን። ለእያንዳንዱ 9 ትምህርት፣ በአማካይ 4 ገጽ። 28,800 ገጽ ይመጣል። አንዴም ሳይቆም ቢያትም እንኳ ወደ 10 ሰዓት ይፈጅበታል። ሳይቆም ያትማል ብሎ የሚያምን ካለ ደግሞ ፈተና ሰሞን ክፍላችንን አይቶ አያውቅም።

ስለዚህ ዘንድሮ ሰርቪሱን ቀድሜ ላደርግለት ነው። የምሠራውን ሁሉ ከቆጣሪው ጋር፣ ማለትም ማሽኑ እስካሁን ካተመው የገጽ ብዛት ጋር፣ እዚህ እጽፋለሁ። ቀኑን ብቻ መጻፍ አይበቃም። ፕሪንተር የሚያረጀው በገጽ ነው። ክረምቱን ሙሉ ተሸፍኖ ቢቀመጥ ብዙም አይጎዳም፤ የአንድ ሳምንት ፈተና ግን የወራት ሥራ ያህል ይበላዋል።

መጀመሪያ የማሽኑን ሁኔታ የሚያሳየውን የኮንፊገሬሽን ገጽና ኢቨንት ሎጉን አተምኩ። ይህን ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ማሽኑ ራሱ የሚይዘው መዝገብ ነው፤ ምን ስህተት ገጠመው፣ ስንተኛው ገጽ ላይ ገጠመው፣ ሁሉንም ይናገራል። የእኛ ላይ በ13 የሚጀምሩ ኮዶች ተደርድረዋል። ወረቀት ተይዟል ማለት ነው። ድሮ በብዙ ሺህ ገጽ መካከል አንዴ ይመጣ የነበረው አሁን ተቀራርቧል። አብዛኛውም ከትሪ 2፣ ከዋናው የወረቀት መሳቢያ ነው።

ቢሮው ውስጥ እስካሁን ሲሰጠው የነበረው ሕክምና ደግሞ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ቶነሩን (የቀለም ዱቄቱን ከነካርትሬጁ) አውጥቶ መነቅነቅ። ወረቀት ያዘ? ቶነሩ ይነቅነቅ። ከኮምፒውተር የተላከው አልወጣም? ቶነሩ ይነቅነቅ። መነቅነቅ የሚጠቅመው ቶነሩ እያለቀ ጽሑፉ በአንድ በኩል ሲደበዝዝ ነው። ለወረቀት መያዝ ምንም አያደርግም። ከዛሬ ጀምሮ ክዳኑ ላይ ወረቀት ለጥፌያለሁ፦ «ቶነር ከመንካትዎ በፊት ይጠይቁኝ»። ፀሐፊዋ አንብባ ሳቀች።

ግንቦት 13፣ ቆጣሪ 218,105

ዛሬ ጽዳት ነበር። መጀመሪያ ማጥፋት፣ ገመዱን ከሶኬት መንቀል፣ ከዚያ መጠበቅ። ፊውዘሩ ቶነሩን አቅልጦ ወረቀት ላይ የሚያጣብቀው ክፍል ነው። ሙቀቱ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይጠጋል። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይቀዘቅዝ እጅ መስደድ አያዋጣም።

የያዝኩት ዕቃ ቀላል ነው። ክር የማይለቅ ጨርቅ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ንጹሕ ውኃ፣ አንድ ጥቁር ፌስታል። ፌስታሉ ለካርትሬጁ ነው። ውስጡ ያለው ድራም፣ ጽሑፉ ወረቀት ላይ ከማረፉ በፊት የሚሠራበት ሲሊንደር፣ ብርሃን አይወድም፤ ከጥቂት ደቂቃ በላይ ብርሃን ላይ ከቆየ ኅትመቱ ይበላሻል። እንደወጣ ጠቅልዬ ጥላ ውስጥ አስቀመጥኩት።

የፈሰሰውን ቶነር በደረቅ ጨርቅ ጠረግኩት። የቤት ቫኪዩም እዚህ አይገባም። የቶነር ቅንጣት በማይክሮን የሚለካ ስለሆነ ተራውን ማጣሪያ አልፎ ክፍሉን ይሞላዋል። ብሎወርም አልወድም። ጠጋኞች ይወዱታል፣ አንዴ ሲነፉበት ማሽኑ የጸዳ ይመስላል። ግን አቧራው የት ሄደ? ግማሹ ወደ ሴንሰሮቹ፣ ግማሹ ወደ እኛ ሳንባ። እጄን የታጠብኩትም በቀዝቃዛ ውኃ ነው። ቶነር በሙቀት የሚቀልጥ ፕላስቲክ ነው፤ በተለይ ልብስ ላይ ሙቅ ውኃ ካገኘው አይለቅም።

ትሪ 2ን ሙሉ በሙሉ አውጥቼ ሮለሮቹን አየኋቸው። ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ጎማቸው ያብለጨልጫል። አዲስ ሮለር ሸካራ ነው፣ ወረቀቱን ቆንጥጦ ይስባል። እነዚህ ግን ያለቀ የመኪና ጎማ ጭቃ ላይ እንደሚሆነው ባሉበት ይሽከረከራሉ። ወረቀቱ ይዘገያል፤ ማሽኑ በጠበቀው ቅጽበት ሴንሰሩ ጋ ሳይደርስ ሲቀር «ተይዟል» ብሎ ይቆማል። ብዙ ጊዜ ከፍተን ስናይ የተጨማደደ ወረቀት የማናገኘውም ለዚህ ነው። ወረቀቱ ገና መንገድ አልጀመረም።

ጨርቁን በውኃ አርጥቤ፣ ጨምቄ ሮለሮቹን ወለወልኳቸው። አልኮል ይሻላል የሚሉ አሉ። ጎማ ሊያደርቅ ይችላል፣ ስለዚህ እኔ ውኃ ይበቃኛል። ሲደርቁ መልሼ አስገባኋቸው። ለጊዜው ይስባሉ፤ ለ28,800 ገጽ ግን አልተማመንባቸውም።

በመጨረሻ ከሜኑው ውስጥ የጽዳት ገጽ የሚለውን አዘዝኩት። ወረቀቱን በፊውዘሩ ውስጥ ቀስ አድርጎ ያሳልፈዋል፤ እዚያ የተጣበቀው ትርፍራፊ ቶነር ወረቀቱ ላይ ይወጣል። የወጣው ገጽ በጥቁር ነጠብጣብ ተዥጎርጉሯል። ደግሜ ሳዝዘው ቀነሰ።

ግንቦት 17፣ ቆጣሪ 218,390

ዛሬ ሥራው ከማሽን ጋር አልነበረም፣ ከሒሳብ ክፍል ጋር ነበር።

ለዚህ ሞዴል ፋብሪካው ሜንቴናንስ ኪት በየ225,000 ገጽ ይቀየር ይላል። ውስጡ ፊውዘር፣ ቶነሩን ከድራሙ ወደ ወረቀቱ የሚያሻግረው ትራንስፈር ሮለርና የወረቀት መሳቢያ ሮለሮች አሉት። ዋጋው ደግሞ አያስቅም።

«ይሠራል እኮ!» አሉ ኃላፊዋ።

«ይሠራል። ግን ገደቡን የምናልፈው ፈተናው መሃል ላይ ነው።»

«በወር 225,000 ይችላል ተብሎ አይደል እንዴ የተገዛው?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች መመሳሰላቸው ሰው ያሳስታል። በወር 225,000 የሚለው ማሽኑ በአንድ ወር ሊሸከመው የሚችለው ጣሪያ ነው። በየወሩ ይህን ያህል አትሙበት ማለት አይደለም፤ የሚመከረው ወርሃዊ መጠን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ኪቱ ላይ ያለው 225,000 ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የሚጠራቀም ነው። ይህንን ሳስረዳ ካልኩሌተራቸውን ሳብ አደረጉ። 218,390 ሲደመር 28,800። ዝም ብለው ቁጥሩን አዩት።

«በል ወረቀት ላይ ጻፍልኝና አምጣው።»

ጻፍኩት። ኢቨንት ሎጉንም አያያዝኩበት። ማሽኑ በራሱ አፍ ሲናገር ይሻላል።

አንድ መምህር ደግሞ ወንድሙ ከአሜሪካ ሊመጣ ስለሆነ በርካሽ ያምጣልን አለ። አመሰገንኩት፣ ግን አይሆንም። ኪቱ ሁለት ዓይነት ነው። ሲኤፍ064ኤ ለ110 ቮልት፣ ሲኤፍ065ኤ ለ220 ቮልት። አሜሪካ ያለው ፕሪንተር የሚሠራው በ110 ስለሆነ እዚያ በቀላሉ የሚገኘው የመጀመሪያው ነው። ሮለሮቹ ችግር የለባቸውም፤ ፊውዘሩ ግን ማሞቂያ ነው። የ110ን ማሞቂያ በእኛ 220 ላይ መሰካት ገንዘብ ማቃጠል ነው። ዕቃ ከውጭ የምታስመጡ ሰዎች ካርቶኑ ላይ ያለውን ቮልት አንብቡ። መርካቶም ስትገዙ አንብቡ፤ በሻንጣ የመጣ ዕቃ እዚያም ይደርሳል።

ግንቦት 23፣ ቆጣሪ 218,731

ኪቱ መጣ፤ ባለ 220ው ነው። ዛሬ ገጠምኩት። ካርቶኑን የከፈትኩት ማሽኑ እስኪቀዘቅዝ ስጠብቅ ነው።

ፊውዘሩ በጀርባ በኩል ነው የሚወጣው። ግራና ቀኝ ሰማያዊ መያዣዎች አሉት፤ ሁለቱንም ጫን አድርጎ ወደ ራስ መሳብ ነው። ሰማያዊ ቀለም ያለበት ነገር ሁሉ በእጅ እንዲነካ የተሠራ ነው። ያልተቀባውን አለመነካካት ይሻላል። አዲሱ «ቀጭ» ብሎ እስኪገባ ገፋሁት። ሁለቱም ጎን መግባቱን ማየት ያስፈልጋል፤ አንድ ጎን ብቻ ከገባ ወረቀት እየጠመዘዘ ያወጣል።

ትራንስፈር ሮለሩ ከላይ ነው፣ ካርትሬጁ ከወጣ በኋላ የሚታየው ጥቁር ስፖንጅ። ጫፍና ጫፉን ብቻ ይዤ አወጣሁት። ስፖንጁን በጣት መንካት አይገባም፤ የእጅ ወዝ ያረፈበት ቦታ ኅትመቱ ላይ ደብዛዛ ሆኖ ይቀራል። የትሪ ሮለሮቹ ደግሞ ቀላል ናቸው። አስቸጋሪ ነገር የለም፤ ማቀፊያውን ጫን አድርጎ ማውጣት፣ አዲሱን ማስገባት። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አድርጌ ለጥበቃው ጋሼ አሳየኋቸው። በጣታቸው ዳበስ አደረጉና «ይኼማ ጥርሱ ረግፏል» አሉ።

ሁሉም ከገባ በኋላ የሚረሳ ነገር አለ። ማሽኑ ኪቱ መቀየሩን በራሱ አያውቅም። ሜኑው ውስጥ ሰፕላይስ የሚለው ጋ ገብቶ አዲስ ኪት መግባቱን መንገር ግድ ነው። ካልተነገረው ገደቡ ሲደርስ «ቀይር» እያለ ይጨቀጭቃል፤ ከዚያ ወዲያ እውነተኛውን ጊዜ ማንም አያውቅም።

ሙከራ አተምኩና ጽሑፉን በጣቴ ጠንከር አድርጌ አሸሁት። አልለቀቀም። ፊውዘሩ ሠርቷል። በጎን በኩል ተለጣፊ አድርጌ «ኪት፦ 218,731» ብዬ ጻፍኩበት። እኔ ብቀየር እንኳ የሚቀጥለው ሰው አይደናበርም።

ግንቦት 26

የቶነር ዝግጅት። ለዚህ ማሽን ሁለት መጠን አለ። 90ኤ ወደ 10,000 ገጽ፣ 90ኤክስ ወደ 24,000 ገጽ። ይህ ቁጥር የተለካው ከገጹ 5 በመቶ ያህሉ ብቻ በቶነር ሲሸፈን ነው። የባዮሎጂ መምህራችን የሚያመጡት ፈተና ላይ ጥቁር የሞላበት የልብ ሥዕል ከነደም ሥሩ አለ። የእሳቸውን 5 በመቶ ማን ይለካዋል? አንድ 90ኤክስ አይበቃንም፤ አንድ አዲስና አንድ የተሞላ ይዣለሁ።

ስለ ማስሞላት ክርክሩ አያልቅም። እኔ አልቃወምም፣ የሁላችንም ኪስ የታወቀ ነው። ግን በዚህ ካርትሬጅ ውስጥ ያለው ዱቄቱ ብቻ አይደለም። ድራሙም፣ ድራሙን የሚጠርገው ምላጭም፣ ተጠርጎ የሚጠራቀመው ቆሻሻ ቶነርም እዚያው ናቸው። የሚሞላልን ሰው ቆሻሻውን ሳያወጣ አዲስ ብቻ ከጨመረ ሞልቶ ይፈስሳል፤ ወረቀቱ ላይ ጥቁር መስመርና ነጠብጣብ ይመጣል። ስለዚህ ሳስሞላ ቆሜ ነው የማየው። ካርትሬጁ ላይም በማርከር ስንተኛ ጊዜ እንደተሞላና ቆጣሪው ስንት እንደነበረ ይጻፍበታል። የተሞላ ካርትሬጅ ላይ ማሽኑ የሚያሳየው የቶነር መጠን አይታመንም።

ሰኔ 1

ወረቀት። ነገ ማተም ይጀመራል፤ በሁለት ፊት ስለምናትም 14,400 ወረቀት፣ ወደ 29 ደስጣ ይፈጃል። ለብልሽት ጨምሬ 32 አወጣሁ። መጋዘኑ ጋ ስሄድ ካርቶኖቹ በቀጥታ ሲሚንቶ ላይ፣ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ዝናቡ ጀምሯል። የታችኛው ካርቶን ሥሩ ለስልሷል። ጋሼና እኔ ሁሉንም ጣውላ ላይ አወጣናቸውና ከግድግዳው አራቅናቸው።

ሰኔ 2፣ ቆጣሪ 219,640

ተጀመረ። በሩ ተቆልፏል፣ ስልክ ውጭ ቀርቷል፣ የፈተና ኮሚቴው ሰው አጠገቤ ተቀምጧል። ትሪው 500 ወረቀት ይይዛል፣ ከላይ የሚወጣበትም እንደዚያው።

የኮሚቴው ሰው ወረቀቱን ተቀብሎኝ እንደ ካርታ ያራግበው ጀመር። ሁላችንም እንዲህ ነው የለመድነው። «ወንድሜ፣ አታራግበው» አልኩት። ማራገብ ወረቀቶቹን በስታቲክ ኤሌክትሪክ ያጣብቃቸዋል፣ ሁለት ሁለት ሆነው ይገባሉ። ፋብሪካውም አታራግቡ ነው የሚለው። ጥቅሉን ጎበጥ ቀና ማድረግ፣ ጠረጴዛ ላይ ጫፉን አስተካክሎ ማስገባት ይበቃል። የትሪው ማቀፊያም ወረቀቱን መንካት አለበት እንጂ ማጣበቅ የለበትም።

ከሰዓት ድረስ ሒሳብና አማርኛ አለቁ። ከትሪ 2 አንድም አልተያዘም።

ሰኔ 3፣ ቆጣሪ 227,880

ጠዋት አዲስ ደስጣ ከፍተን ስንጀምር የሚወጣው ወረቀት ይጠቀለል ጀመር። መውጫው ላይም ትንሽ እንፋሎት ታየ። የኮሚቴው ሰው ተቃጠለ ብሎ ዘሎ ተነሣ። አልተቃጠለም፣ ውኃ ነው። ያ ደስጣ ከታችኛው ካርቶን የመጣ ነው። እርጥበት የጠጣ ወረቀት ፊውዘሩ ሲያገኘው ውኃው ይተንና ወረቀቱ ይጎብጣል፤ ሁለተኛውን ፊት ለማተም ሲመለስም ይያዛል። የዚያን ካርቶን ወረቀት በሙሉ አውጥተን ለይተን አስቀመጥን። ለረቂቅ ይሆናል። ከላይኛው ካርቶን ስንከፍት ቀጥ ብሎ መውጣት ጀመረ። ከእንግዲህ የሚከፈተው አንድ ደስጣ ብቻ ነው፤ እሱ ሳያልቅ ሌላው ከመጠቅለያው አይወጣም።

ሰኔ 4፣ ቆጣሪ 236,415

መብራት ጠፋ፣ እንግሊዝኛ መሃል ላይ።

መብራት ሲመለስ የመጀመሪያው ነገር ማሽኑን ለማብራት አለመቸኮል ነው። መጀመሪያ ከፍቼ በመንገድ ላይ የቀሩትን ወረቀቶች አወጣሁ። ወረቀቱ በሚሄድበት አቅጣጫ፣ በሁለት እጅ፣ ቀስ ብሎ። ወደ ፊውዘሩ ያልደረሰው ላይ ያለው ቶነር ገና ዱቄት ነው፣ ሲነካ እጅና ልብስ ያጠቁራል። የወጡትን ጠረጴዛው ላይ አስተካክዬ ጠርዛቸው ሙሉ መሆኑን አየሁ። የአንዱ ጥግ የለም! በባትሪ ፈልጌ ከኋላ በኩል አገኘሁት። ያ ጥፍር የምታህል ቁራጭ እዚያ ብትቀር ቀኑን ሙሉ ወረቀት ታስይዝ ነበር።

ከኮሚቴው «ዩፒኤስ ላይ ለምን አይሰካም?» የሚል መጣ፤ መብራት ሲጠፋ የሚያቆየውን ባትሪ ማለታቸው ነው። ለኮምፒውተሩ አለ። ሌዘር ፕሪንተር ግን ፊውዘሩን ሲያሞቅ የሚስበው ኃይል ከትንሹ ዩፒኤስ አቅም በላይ ነው፤ ጮሆ ይዘጋል፣ ኮምፒውተሩንም ይዞት ይሄዳል። ዲቫይደር ላይ ከሻይ ማፍያው ጋርም አይሰካም። ግድግዳው ላይ፣ ብቻውን።

ሌላም አለ። የተያዘ ወረቀት ሲወጣለት ማሽኑ ያንን ገጽ ደግሞ ያትመዋል። ስለዚህ የወጣውን በቁጥር መረከብ ያስፈልጋል። የተበላሸው ቅርጫት ውስጥ አይገባም፤ ተቆጥሮ ኮሚቴው ፊት ይቀደዳል።

ሰኔ 5፣ ቆጣሪ 243,020

የመጀመሪያው 90ኤክስ ከሰዓት በኋላ ደበዘዘ። እንግዲህ ይነቀነቃል! ነቅንቄው ትንሽ ካወጣ በኋላ የተሞላውን አስገባሁ። ጽሑፉ ጥሩ ነው፣ ግን በቀኝ በኩል ጥቁር ነጥብ ይደጋገማል። ማስመሪያ አምጥቼ በነጥቦቹ መካከል ያለውን ለካሁ፤ 94 ሚሊ ሜትር። ይህ ለካሁት ብሎ ለመፎከር አይደለም። በማሽኑ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር ሁሉ ጉድለቱን በዙሪያው ልክ ይደጋግማል። 94ን ለ3.14 ሲያካፍሉት 30 ይመጣል፣ የ3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ነገር ማለት ነው። ቀጭኖቹ ሮለሮች ከዚህ ወጡ። ካርትሬጁን ለአንድ ገጽ በአሮጌው ስቀይረው ነጥቡ ጠፋ። ስለዚህ የተሞላው ካርትሬጅ ድራም ተጭሯል፤ አዲሱ ኪት ነጻ ነው። ነጥቡ የሚያርፈው ኅዳጉ ላይ፣ ከጽሑፍ ውጭ ስለሆነ ኮሚቴው ይሁን አለ። ሥራው ቀጠለ። ያ ካርትሬጅ ከዚህ በኋላ አይሞላም።

ሰኔ 6፣ ቆጣሪ 249,102

የፈተናው ኅትመት አለቀ። ኢቨንት ሎጉን አተምኩ። ከኪቱ ወዲህ ያሉት የ13 ኮዶች ሁለት ቦታ ብቻ ተሰብስበዋል፤ እርጥቡ ደስጣ ላይና መብራት የጠፋበት ላይ። አንድ ቅጂ ለሒሳብ ክፍል ወሰድኩላቸው። አዩትና «እሺ፣ ገባኝ» ብለው ፋይል ውስጥ ከተቱት።

ሰኔ 23፣ ቆጣሪ 249,570

ሪፖርት ካርድ። ወፍራም ወረቀት ነው፣ በትሪ 2 አይሄድም። ከፊት ለፊት የሚከፈተውን ትሪ 1 ከፈትኩ፣ የጀርባውን መውጫም ከፈትኩ። እንዲህ ሲሆን ካርዱ ሳይታጠፍ በቀጥታ ያልፋል። ሁለተኛው ፊት በእጅ ይገለበጣል።

የመጀመሪያው ካርድ ላይ ስሙ በጣት ሲነካ ተላጠ። ፊውዘሩ ጤነኛ ነው፤ ፕሪንተሩ ተራ ወረቀት መስሎት በፍጥነት ስላሳለፈው ወፍራሙ ካርድ በቂ ሙቀት አላገኘም። ከኮምፒውተሩም ከትሪው ሜኑም የወረቀቱን ዓይነት ካርድ አድርጌ ቀየርኩ። አሁን ቀስ ብሎ ያወጣል፤ ጽሑፉ ግን አይላጥም። 800 ካርድ በዚህ ፍጥነት ነገም አለ። ትሪ 1 በአንዴ ብዙ ካርድ ስለማይወስድ ጥቂት ጥቂት እየመገብኩት ነው።

ካርዱ ሲያልቅ የሚቀረው፦ የትሪውን ዓይነት ወደ ተራ ወረቀት መመለስ፣ የጽዳት ገጽ፣ ሮለሮቹን በእርጥብ ጨርቅ፣ ከዚያ ነቅሎ መሸፈን። ለመስከረም አንድ አዲስ 90ኤክስ ጠይቄያለሁ። ቀጣዩ ኪት 443,731 ላይ።